የ25 ሳንቲም ዕዳ፦ የወይዘሮ ዊሊያምስና የዎከር-ቶማስ የቤት ዕቃ መደብር ጉዳይ

ውሉ የተጻፈበት ወረቀት ርዝመቱ ስድስት ኢንች ገደማ ነበር። በዚያች ቁራጭ ወረቀት ላይ በጣም በደቀቀ ፊደል የታተመ አንድ ረጅም አንቀጽ አለ። የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዋ ወይዘሮ ዊሊያምስ ከ1957 እስከ 1962 ድረስ ይህን የመሰለ ወረቀት አሥራ አራት ጊዜ ፈርመዋል። በ1963 መደብሩ ክስ መሥርቶ አልጋ፣ ባለ መሳቢያ ቁም ሣጥን፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ስቴሪዮ ከቤታቸው አስወጣ። ይህን ሁሉ እንዲያደርግ ያስቻለው በዚያ ደቃቅ አንቀጽ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ስለ ሸማች መብት ስልጠና ስንሰጥ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ይህን ጉዳይ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ነገር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው አይጠፋም። ይጠቅማል። በሶፋ ወይም በመኪና ዕዳ ተይዞ ወደ ቢሮ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ዋጋው ነው፤ ተወደደብኝ፣ ተበላሁ ይላል። እኔ ግን ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ። የሚከፈለው ገንዘብ የትኛውን ዕዳ ነው የሚዘጋው? አንድ ወር ቢጎድልስ የሚወሰደው ምኑ ነው? ወይዘሮ ዊሊያምስን ጉድ ያደረጋቸው የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዎከር-ቶማስ በዲሲ ሰባተኛ መንገድ ላይ የነበረ የቤት ዕቃ መደብር ነው። ቦታው ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሚገኙበት ከዘጠነኛና ከዩ መንገድ አካባቢ በእግር የሚደረስበት ነው። መደብሩ ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰቦች ዕቃ በዱቤ ይሸጥ ነበር። ውሉ ግን ሽያጭ አይልም፤ ዕቃውን አከራይቻለሁ ነው የሚለው። ገዢው በየወሩ ኪራይ ይከፍላል። የተከፈለው ተጠራቅሞ የዕቃውን ዋጋ ሲሞላ ባለቤትነቱ ወደ ገዢው ይዞራል። እስከዚያ ድረስ ዕቃው የመደብሩ ነው። አንድ ክፍያ ከጎደለ መደብሩ ዕቃውን መልሶ መውሰድ ይችላል።

እስከዚህ ድረስ በዘመኑ የተለመደ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛና ሦስተኛ ዕቃ ሲጨመር ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ደንበኛው የሚከፍለው ገንዘብ ባልተዘጉት ዕዳዎች ሁሉ ላይ እንደየመጠናቸው ይከፋፈላል ይላል።

ይህ በቁጥር ካላዩት አይገባም። የራሴን ምሳሌ ልስጥ። አሮጌ ዕዳዬ 20 ዶላር ቀርቶታል እንበል። በላዩ የ500 ዶላር ዕቃ ጨመርኩ። በወሩ መጨረሻ 52 ዶላር ከፈልኩ። ማንም ሰው እንደሚያስበው ቢሆን 20ው አሮጌውን ይዘጋና 32ቱ ወደ አዲሱ ይሄዳል። በዚህ ውል ግን ወደ አሮጌው የምትሄደው 2 ዶላር ብቻ ናት። 50ው ወደ አዲሱ ይገባል። አሮጌው ዕዳ 18 ዶላር ይዞ ይቀጥላል። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። የመጨረሻዋ ሳንቲም እስክትከፈል ድረስ አንዱም ዕቃ የኔ አይሆንም።

በወይዘሮ ዊሊያምስ መዝገብ ላይ ደግሞ ይህ ስሌት ምን እንዳደረገ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በታኅሣሥ 1957 የገዙት የመጀመሪያው ዕቃ ዋጋው 45 ዶላር ከ65 ሳንቲም ነበር። አምስት ዓመት ገደማ ከከፈሉ በኋላ በዚያ ዕቃ ላይ የሚፈለግባቸው 25 ሳንቲም ነበር። ሁለተኛው 13 ዶላር ከ21 ሳንቲም የተገዛ ነው። በእሱ ላይ የቀረው 3 ሳንቲም። በ25 ሳንቲምና በ3 ሳንቲም ምክንያት ሁለቱም ዕቃዎች በሕግ ፊት የመደብሩ እንደሆኑ ቀሩ።

በእነዚያ ዓመታት የገዙት ዕቃ ሁሉ ሲደመር 1,800 ዶላር ገደማ ነበር። የከፈሉት 1,400 ዶላር ነው። እኚህ ሴት አልከፍልም ያሉ ሰው አይደሉም። ሲከፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

ወይዘሮ ዊሊያምስ ከባለቤታቸው ተለያይተው ሰባት ልጆች ብቻቸውን ያሳድጉ ነበር። ብዙ አልተማሩም። ገቢያቸው በወር 218 ዶላር የመንግሥት ድጎማ ነው። ፍርድ ቤት ቀርበው እንደተናገሩት አብዛኛውን ግዢ የፈጸሙት እቤታቸው ተቀምጠው ነው። ውሉን ሲፈርሙ ቦታዎቹ አልተሞሉም ነበር። አላነበቡትም። ቅጂም አልተሰጣቸውም። የተረዱት ለአንድ ዕቃ የሚበቃ ከተከፈለ ያ ዕቃ የራሳቸው እንደሚሆን ነበር። አንብባችሁ አስረዱኝ ብለው ማንንም እንዳልጠየቁ ግን አልካዱም።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በስልጠናው ላይ ሳነሣ ሁልጊዜ አንድ ሰው ታዲያ ጥፋቱ የራሳቸው ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቢያነቡትስ ኖሮ? እንደየመጠኑ ይከፋፈላል የምትለዋን ሐረግ አንብቦ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 25 ሳንቲም ዕቃ ታስወስዳለች ብሎ የሚያሰላ ሰው ስንት ነው? የተማረውም ሰው በወረቀትና በእርሳስ ካልተቀመጠ አይደርስበትም።

ወደ መጨረሻው ግዢ እንምጣ። ሚያዝያ 17 ቀን 1962 ወይዘሮ ዊሊያምስ 514 ዶላር ከ95 ሳንቲም የሚያወጣ ስቴሪዮ ገዙ። በዚያን ጊዜ ጠቅላላ ዕዳቸው ወርዶ 164 ዶላር ደርሶ ነበር። ስቴሪዮው ወደ 678 ዶላር አሻቀበው። ሰው ስቴሪዮ ምን ያደርግላቸዋል ሲል እሰማለሁ። እኔን የሚገርመኝ የውሉ ጀርባ ነው። በስቴሪዮው ውል ጀርባ ላይ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛቸው ስምና የወር ድጎማቸው፣ 218 ዶላር፣ ተጽፎ ነበር። ማለትም ሻጩ ያውቃል። ከሁለት ወር በላይ የሚሆን ገቢያቸውን የሚበላ ዕቃ ለሰባት ልጆች እናት እየሸጠ እንደሆነ በራሱ ወረቀት ላይ አስፍሯል።

ብዙም ሳይቆይ ክፍያው ተቋረጠ። መደብሩም ስቴሪዮውን ብቻ ሳይሆን ከታኅሣሥ 1957 ጀምሮ የሸጠውን ሁሉ መልሱልኝ ብሎ ከሰሰ። በሌላ ደንበኛ ላይም ተመሳሳይ ክስ አቅርቦ ነበር። ያ ደንበኛ በግንቦት 1962 ሶፋ፣ ሦስት ጠረጴዛና ሁለት መብራት በ391 ዶላር ከ10 ሳንቲም ገዝቶ ነበር። ክፍያ ሲያጎድል ከ1958 ጀምሮ የገዛው በሙሉ ተጠየቀ። ሁለቱ ጉዳዮች አብረው ታዩ።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለመደብሩ ፈረደ። ወይዘሮ ዊሊያምስ ይግባኝ አሉ። ጥብቅና የቆመላቸው የነጻ የሕግ ድጋፍ ጠበቃ ነው። ይህ ባይኖር ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር። በ218 ዶላር ሰባት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁለት ጊዜ ይግባኝ የሚያስኬድ ጠበቃ ከየት ይከፍላል?

በ1964 የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አየ። ዳኞቹ የመደብሩን አድራጎት ምንም ያህል ብንኮንን አይበዛም የሚል ይዘት ያለው ጠንካራ ቃል ጻፉ። ግን ውሉን የምናፈርስበት ሕግ የለንም አሉ። ሜሪላንድ ስለ ዱቤ ሽያጭ ያወጣችው ዓይነት ሕግ ዲሲ ውስጥ ቢኖር እንረዳቸው ነበር ብለውም ጨመሩ። ዲሲንና ሜሪላንድን የሚለየው አንድ መንገድ ነው። ከመንገዱ ወዲያ ማዶ የሚኖር ሰው የሚያድነው ሕግ አለው፤ ወዲህ ያለው የለውም። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በዲሲ መካከል እየተመላለሱ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ ልዩነት ዛሬም ያለ ነገር ነው። ውል ሲፈረም የየትኛው ግዛት ሕግ እንደሚገዛው ማየት የግድ ነው።

ወይዘሮ ዊሊያምስ አሁንም አልተዉም። ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ወጣ። ነሐሴ 11 ቀን 1965 ውሳኔው ተነበበ። ሁለት ለአንድ ነበር። የአብዛኛውን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ስኬሊ ራይት ናቸው። ከዚያ ቀደም በኒው ኦርሊንስ የትምህርት ቤት መድሎ እንዲቀር በመፍረዳቸው ይታወቃሉ።

ዳኛ ራይት እንዲህ አሉ። ውል ሲገባ ለኅሊና የሚከብድ ከነበረ ፍርድ ቤት ሊያስፈጽመው አይገደድም። ለኅሊና የሚከብድ የሚባለው ሁለት ነገር ሲገናኝ ነው። አንደኛ፣ ከተዋዋዮቹ አንዱ እውነተኛ ምርጫ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ የውሉ ቃል ከልክ በላይ ለሌላው ወገን ያደላል። ምርጫ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ዙሪያ ገባው ታይቶ የሚወሰን ነው። የሰውዬው ትምህርት ይታያል። ዋናው ቃል በደቃቅ ፊደል ተሸሽጎ እንደሆነ ይታያል። የመደራደር አቅሙ ይታያል። አሜሪካ ውስጥ ሕግ የሚማር ሁሉ ይህን ውሳኔ በመጀመሪያ ዓመቱ ያነባል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ማንሳት አለብኝ። ፍርድ ቤቱ ውሉ ፈርሷል አላለም። ወይዘሮ ዊሊያምስ አሸንፈዋልም አላለም። የስር ፍርድ ቤቱ ይህን ጥያቄ ስላላጣራ መዝገቡ ተመልሶ ይጣራ ነው ያለው። ወደ ታች ከተመለሰ በኋላ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። በማኅበረሰብ የሕግ ሥራ ውስጥ ብዙ ትልልቅ ውሳኔዎች እንዲህ ናቸው። በር ይከፈታል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን መንገድ ደግሞ ሌላ ሰው ይሄድበታል።

በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ዳናኸር ያነሡት ነጥብ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይህ የሕግ አውጪው ሥራ ነው አሉ። ድጎማ ላይ ያሉ ሰዎች ዱቤ ያስፈልጋቸዋል። አንዳንድ ነጋዴ አደጋውን ወስዶ ይሸጥላቸዋል፤ ለአደጋው ማካካሻ ደግሞ ዋጋው ላይ ይጨምራል። ዱቤውን ካጠበባችሁት ድሃው ከየት ይገዛል? ይህን ጥያቄ ዛሬም ብዙ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ይደግሙታል።

መልስ የሚሆን ቁጥር ከሦስት ዓመት በኋላ መጣ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዲሲ ቸርቻሪዎች ላይ ጥናት አድርጎ በ1968 አወጣ። በጅምላ 100 ዶላር የተገዛ ዕቃ በአጠቃላዩ ገበያ 159 ዶላር ይሸጣል። ለአነስተኛ ገቢ ሰዎች በሚሸጡት መደብሮች ግን 255 ዶላር ነበር። እነዚህ መደብሮች ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነውን ሽያጫቸውን የሚያካሂዱት በዱቤ ነው። አሥራ አንዱ ብቻ በ1966 2,690 ፍርድ በደንበኞቻቸው ላይ አስፈርደዋል። ጥናቱ ሌላም ነገር አግኝቷል፤ እሱን መደበቅ ተገቢ አይሆንም። የመደብሮቹ የተጣራ ትርፍ እንደ ዋጋው የገነነ አልነበረም። ቤት ለቤት የሚዞር ሻጭ፣ ዕዳ ሰብሳቢ፣ የማይከፈል ሒሳብ፣ ይህ ሁሉ ወጪ ነው።

እንግዲህ ዳኛ ዳናኸር ልክ ነበሩ ማለት ነው? በዋጋው በኩል የሚሉት እውነት አለበት። ግን የአደጋው ማካካሻ 255 ዶላሩ ውስጥ ተከፍሏል። በዚያ ላይ ደግሞ ቀደም ብሎ ተከፍሎ ሊያልቅ ትንሽ የቀረውን ዕቃ በ25 ሳንቲም ይዞ መቆየት ለአንድ አደጋ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። ያገለገለ አልጋና መጋረጃ ተሸጦ ለመደብሩ የሚያስገባው ገንዘብ ከቁም ነገር አይገባም። ጥቅሙ ማስፈራሪያነቱ ነው። ልጆቹ የሚተኙበት ሊወሰድ ነው የተባለ ሰው ከቤት ኪራዩም ከምግቡም ቀንሶ ይከፍላል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በዚያው በ1968 ለግዛቶች ሞዴል ሆኖ የወጣው ወጥ የሸማች ብድር ሕግ በእንዲህ ያለ ውል ክፍያው መጀመሪያ የቀደመውን ግዢ እንዲዘጋ ይላል። በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ አበዳሪው የብድሩን እውነተኛ ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ከ1985 ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል ደንብ ደግሞ አበዳሪ ባልሸጠው ወይም ገንዘብ ባላበደረበት የቤት ዕቃ ላይ፣ ዕቃው በተበዳሪው እጅ እያለ፣ መያዣ እንዳይወስድ ይከለክላል።

ስለ ኢትዮጵያም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ወገን ሲሰማው ይደነቃል። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን ጉዳይ ከዲሲ ፍርድ ቤት አምስት ዓመት ቀድሞ አስቦበታል። ቁጥር 1710 ውል ለአንዱ ወገን አድልቷል ተብሎ ብቻ አይፈርስም ይላል። ነገር ግን የአንዱ ችግር፣ የአእምሮ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ ተደርጎ ፈቃዱ የተገኘ እንደሆነ፣ ርትዕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። ዳኛ ራይት ከደረሱበት ሐሳብ ብዙም አይርቅም። አዲስ አበባ ላይ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በዱቤ እየገዛ የሚቸገር ዘመድ ላላቸው ይህን ቁጥር እንዲይዙት እነግራቸዋለሁ።

አሁን ወደ ቢሯችን ሥራ ልመለስ። ስልጠናው ላይ ከዚህ ጉዳይ ተነሥተን የምናወራው ቤት ድረስ ስለሚመጣ ሻጭ ነው። ወይዘሮ ዊሊያምስ እቤታቸው ተቀምጠው ነበር የፈረሙት። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ደንብ መሠረት ሻጭ ቤት መጥቶ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ነገር ከሸጠ፣ ገዢው እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውሉን መሰረዝ ይችላል። ከአንዳንድ ሽያጮች በቀር ማለቴ ነው። ሻጩ የመሰረዣውን ቅጽና የውሉን ቅጂ መስጠት አለበት። ቅጂው መጻፍ ያለበት ደግሞ ሻጩ ሲያግባባ በዋናነት በተናገረበት ቋንቋ ነው። በአማርኛ አግባብቶ በእንግሊዝኛ ያስፈረመ ሻጭ ደንቡን ጥሷል። ይህን ስናገር ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው እስክሪብቶ ያነሣል።

ከዚሁ ጋር መታረም ያለበት ወሬም አለ። ዲለር ቤት ሄዶ የተገዛ መኪና በሦስት ቀን ይመለሳል የሚባለው በዚህ ደንብ አይደለም። ደንቡ ዲለሩ ግቢ ውስጥ የተፈረመን ውል አይነካም። በዚህ ወሬ ተማምኖ ፈርሞ፣ በማግስቱ ቁልፍ ይዞ ሄዶ ያፈረ ሰው ብዙ ነው።

ለበጎ ፈቃደኞች ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለን። ማስተርጎም ይቻላል። ወረቀት በቀን በቀኑ ማስያዝ፣ ደረሰኝ መሰብሰብ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ላይ ያለውን ቀን ለባለጉዳዩ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ወደ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማገናኘት ይቻላል። እንዲህ ብለህ መልስ፣ ይህን አትክፈል ማለት ግን የጠበቃ ሥራ ነው። ቀና አሳቢ ሰው በዚህ ይሳሳትና ባለጉዳዩንም ማኅበሩንም ችግር ውስጥ ይከታል። መጥሪያ ደርሶት ዝም ያለ ሰው ሳይከራከር ይፈረድበታል፤ በ1966 ከተቆጠሩት ፍርዶች ጀርባ የነበረው ችግር ዛሬም ይኸው ነው።

ማኅበራቱ ራሳቸውም ይፈርማሉ። እድር፣ የቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የማኅበረሰብ ማዕከል፣ ሁሉም ፎቶ ኮፒ ማሽን በሊዝ፣ ማለትም በረጅም ጊዜ የኪራይ ውል፣ ይወስዳል። እዚህ ላይ አብዛኞቹ የሸማች ሕጎች አይደርሱላቸውም። የብድሩ ዋጋ በግልጽ ይታይ የሚለው የፌዴራል ሕግ የሚጠብቀው ለግል፣ ለቤተሰብ ወይም ለቤት ጉዳይ የተበደረን ሰው ነው። ድርጅትን አይጠብቅም። የማሽን ሊዝ ውል ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ጣጣ አለው። ማሽኑ ቢበላሽም ክፍያው አይቆምም፤ ማሽኑን ያመጣው አንድ ኩባንያ፣ ገንዘቡን የሚሰበስበው ሌላ ነውና። የውሉ ጊዜ ሊያልቅ ሲል በተወሰነው ቀን በጽሑፍ ካላቆሙት ደግሞ በራሱ ይታደሳል።

ስለዚህ ለቦርድ አባላት ውል ይዘው ሲመጡ የምናሳያቸው ሦስት ቦታ ነው። ክፍያው ለማን እንደሚሄድ የሚናገረው። ውሉ የሚያልቅበትን ቀንና የማሳወቂያውን ጊዜ የሚናገረው። ከፊርማው መስመር በላይ ያለው፤ ፈራሚው ለማኅበሩ ብቻ ነው የሚፈርመው ወይስ በግሉም ዋስ እየሆነ ነው የሚለው። የመጨረሻውን ሳያይ ፈርሞ ማኅበሩ ሲበተን ዕዳው ራሱ ላይ የመጣ ሰብሳቢ አለ። ባዶ ቦታ ያለበት ውል ደግሞ አይፈረም። ሻጩ በኋላ እሞላዋለሁ ካለ ወረቀቱ መልሶ ይሰጠው።